ከጦሳ ሥር የምንጠብቀው ጀግና

እሑድ ማታ 12 ሰዓት ላይ ደሴ ውስጥ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ወጣት ካያችሁ፣ ኳስ ነው የሚያየው ብላችሁ አትደምድሙ። በዚያ ሰዓት ጃፓን እኩለ ሌሊት ነው፤ ሰኞ ገብቷል። ሹኤሻ የተባለው አሳታሚ የሳምንቱን ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን ተከታታይ የሥዕል ታሪክ፣ በማንጋ ፕላስ መተግበሪያው የሚለቀው ያኔ ነው። መተግበሪያው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ሲጀመር ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። የአንድ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎችና የቅርቦቹ ሦስት ምዕራፎች በነጻ ይነበባሉ። ደሴ ሙጋድ ሰፈር ያለ አንባቢ እንደ ሌላው ዓለም አንባቢ አዲሱን ገጽ በሰዓቱ ይከፍታል።

ዘንድሮ ግን ከዚያ በላይ የምንጠብቀው ነገር አለን። ከቶኪዮ አይመጣም። ከኒውዮርክም አይመጣም። የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ከኮምቦልቻ ነው የሚመጣው።

አንድ ልጅ አለ። ኮምቦልቻ ምህንድስና ይማራል። ማታ ማታ ስልኩ ላይ አይቢስ ፔይንት የሚባል የሥዕል መተግበሪያ ከፍቶ ይሥላል። የሚሠራው የሱፐርሂሮ ታሪክ ነው፤ አካሄዱ ግን የማንጋ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ኮሚክ ወዳጆች በቴሌግራም ግሩፓችን ስለዚህ ሥራ ማውራት ከጀመርን ቆይተናል። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ የመጀመሪያው ቁጥር ሽፋን ላይ ራሱ ይጻፈው። እኔ የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቁጥር አንድ የሚታተመውም በእኛ ማሽን ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ቀደም ብዬ አንዳንድ ገጾች አይቻለሁ። ካየኋቸው ወዲህ ማንጋ ለሱፐርሂሮ በትክክል ምን እንደሚሰጠው ሳስብ ነው የከረምኩት።

እኛ ወደዚህ ዓለም የገባነው በወረቀት አይደለም፤ በዲሽ ነው። ስፔስቱን የሚባለው የዓረብ የልጆች ጣቢያ ብዙዎቻችንን ከአኒሜ፣ ከጃፓን ካርቱን፣ ጋር አስተዋውቆናል። ጃፓኖቹ ጹባሳ የሚሉትን ኳስ ተጫዋች እኛ የምናውቀው በዓረብኛ ስሙ፣ ካፕቴን ማጂድ ብለን ነው። ሰፈራችን ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ነበር። ከዓረብኛው የገባውን እየነጠቀ ይነግረናል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ሳሎን ወለል ላይ ተኮልኩሎ እሱን ያዳምጣል። ስፓይደርማንና ባትማን ግን በሌላ በር ነው የመጡት፤ በፍላሽ። ፊልም ቤት ሄደህ ታስጭናለህ፤ ከዚያ ሚሞሪው ሰፈሩን ያዳርሳል። ለእኛ አኒሜ የዲሽ፣ ሱፐርሂሮ የፍላሽ ነበር። ሁለቱ ይተዋወቃሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ለካ ከድሮም ሲዋዋሱ የኖሩ ናቸው። የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጆቹ ልቁጠር። ጃፓናዊው የማንጋ ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ የዲዝኒን ካርቱን እየወደደ ያደገ ሰው ነው። በ1952 አስትሮ ቦይን ጀመረ፤ ያ ሮቦት ልጅ ከየትኛውም ሱፐርሂሮ አያንስም። በ1966 የባትማን የቴሌቪዥን ድራማ ጃፓን ውስጥ ሲወደድ ጂሮ ኩዋታ የራሱን ባትማን በማንጋ ሣለ። በ1970 ሪዮይቺ ኢኬጋሚ ስፓይደርማንን ወደ ጃፓን ወስዶ በፒተር ፓርከር ፋንታ ዩ ኮሞሪ የሚባል ተማሪ ጭምብሉን እንዲለብስ አደረገ። በ1978 ቶኤይ የተባለው ድርጅት የቴሌቪዥን ስፓይደርማን ሠራና ግዙፍ ሮቦት ሰጠው። አሜሪካኖቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ፍራንክ ሚለር በጃፓን የሳሙራይ ማንጋ ተማርኮ በ1983 ሮኒን የሚባለውን ኮሚክ አወጣ። በ1990ዎቹ ጆ ማዱሬራ ኤክስ-ሜንን ሲሥል የማንጋን ዓይንና ፍጥነት ይዞ ገባ።

ከዚህ ሁሉ መዋዋስ ግን ብዙ ጊዜ የሚሻገረው ላይ ላዩ ነው። ትልልቅ ዓይን፣ የቆመ ጸጉር፣ ከጀግናው ጀርባ የሚበተኑ የፍጥነት መስመሮች። የስፓይደርማንና የኤክስ-ሜን አሳታሚ ማርቭል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ማንጋቨርስ ብሎ ጀግኖቹን በማንጋ መልክ አውጥቶ ነበር። እንደ እኔ ልብሱ ተቀየረ እንጂ አካሄዱ ያው ነበር።

ይህን ለመረዳት የወሎ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው ቅኝቱ ነው። አዲስ ግጥም ብታስገባበት፣ ከማሲንቆ አውርደህ በጊታር ብትጫወተው፣ ድምፁ የሚወጣበትና የሚያርፍበት ቦታ እስካለ ድረስ አምባሰልነቱ አይለቀውም። ነጠላ ለብሰህ ሌላ ቅኝት ብትዘፍን ግን የሚሰማህ ሁሉ ያውቅብሃል። ማንጋም ቅኝት አለው። እኔ እስከገባኝ ድረስ ቅኝቱ ጊዜ ነው።

ስኮት ማክላውድ በ1993 ስለ ኮሚክ አሠራር ባወጣው መጽሐፉ ይህን በቁጥር ለማሳየት ሞክሯል። ከአንዱ ፓኔል (ገጹ ላይ በክፈፍ ከተለየ አንድ ሥዕል) ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደምንሻገር እየለየ የአሜሪካውንና የጃፓኑን አነጻጸረ። የአሜሪካው ኮሚክ አብዛኛውን ጊዜ ከድርጊት ወደ ድርጊት ይሄዳል። የጃፓኑ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚያይባቸው ፓኔሎች አሉት። መስኮት። የሚንጠባጠብ ጣሪያ። የተቀመጠ ሲኒ። የሰውየው ጫማ። ታሪኩ አልተራመደም፤ አንተ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ገብተሃል። ድብድብም ሲመጣ ያው ነው። ዩሱኬ ሙራታ በ2012 ዋን ፓንች ማን የሚባለውን ማንጋ መሣል ከጀመረ ወዲህ አንድን እንቅስቃሴ ገጽ በገጽ እየከፋፈለ ሲያሳይ ሥዕሉ የተንቀሳቀሰ ነው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ግን ስለ ማንጋ ተጽዕኖ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ችግር አለ። ጃፓን ውስጥ የሳምንታዊ መጽሔት ደራሲ በየሳምንቱ 20 ገጽ ገደማ ያወጣል። ረዳቶች አሉት። በዓመት ወደ 900 ገጽ ይጠጋል። የአሜሪካ ኮሚክ በወር አንዴ ነው፤ እሱም 20 ገጽ ገደማ፤ በዓመት 240 ገጽ። በዓመት 900 ገጽ ያለው ሰው ሦስት ገጽ ሙሉ ዝናብ ቢሥል አንባቢው አይከፋውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይመጣለታል። በወር 20 ገጽ ያለው ሰው ሦስት ገጽ ዝናብ ከሣለ ግን የወሩን ቀለብ ነው የቀነሰው። የማንጋን ጊዜ ይዘህ ስትመጣ የማንጋን ብዛት ይዘህ ካልመጣህ አንባቢህ ይራባል።

ይህን በደንብ ያየሁት ፒች ሞሞኮ የሠራችውን አልቲሜት ኤክስ-ሜን የሚባል የማርቭል ወርሃዊ ኮሚክ ስንጠብቅ ነው። ጃፓናዊት ናት። ጽሑፉንም ሥዕሉንም ራሷ ነው የምትሠራው። በጃፓንኛ ትጽፋለች፤ እንግሊዝኛውን ዛክ ዴቪሰን ያዘጋጀዋል። ታሪኩ ጃፓን ውስጥ ነው፤ ዋናዋ ገጸ ባህሪ ሂሳኮ ኢቺኪ የምትባል ተማሪ ናት። እኛ ያን ሥራ የጠበቅነው በከባድ ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ የሚሠራ ጓደኛ ዜናውንና የናሙና ገጾቹን ያወርዳል፤ ከዚያ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ብዙ ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር በነበረበት ወቅት አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል በእጅህ ሲገባ ምን ያህል እንደምታየው አስቡት። እያንዳንዱን ጥግ በቃል አውቀነው ነበር።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቁጥር ወጣ። እኔ ወደድኩት። ፍርሃቱ በዝግታ ይመጣል፤ ልጅቷ መንገድ ላይ ስትሄድ የሚከተላት ነገር ከመታየቱ በፊት ይሰማሃል። ከጓደኞቼ ግን ከጥቂት ቁጥሮች በኋላ ያቆሙ ነበሩ። «ወር ሙሉ ጠብቄ ምንም አልተከሰተም» ነው የሚሉት። እውነት አላቸው። ቁጥሮቹ ተጠራቅመው በአንድ ጊዜ ሲነበቡ ግን ሌላ ሥራ ይሆናሉ። ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፤ አጠራቅማችሁ አንብቡት።

ሌላው ማንጋ ያስለመደን ነገር መጨረሻ ነው። ሱፐርማን ከ1938 ጀምሮ አለ። ስፓይደርማን ከ1962 ጀምሮ አለ። የድርጅት ንብረት ናቸው፤ ጸሐፊና ሠዓሊ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ጀግናው ይቀራል። ሞተ ሲሉህ ይመለሳል። አገባ ሲሉህ ጋብቻው ይፈርሳል። ኮሄይ ሆሪኮሺ ግን ማይ ሂሮ አካዴሚያ የሚባለውን የሱፐርሂሮ ማንጋ በ2014 ጀምሮ በኦገስት 2024 ጨረሰው። 430 ምዕራፍ። ያ ሰው የአሜሪካ ሱፐርሂሮዎችን የሚወድ ሰው ነው፤ ፍቅሩ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ይታያል። ኦል ማይት የሚባለውን ታላቁን ጀግና ሲሥል ፊቱን በወፍራም ጥላ ይሞላዋል፤ ከአሜሪካ ኮሚክ ተቆርጦ የገባ ነው የሚመስለው። ዙሪያው ያሉት ተማሪዎች በማንጋ መስመር ነው የተሣሉት። ሁለቱ የአሣሣል መንገዶች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቆመው እንኳን አይጣሉም። ከዚያ ያ ታላቅ ጀግና ይደክማል፤ ኃይሉ ያልቃል፤ ቦታውን ለልጅ ይለቃል። ሱፐርሂሮ ሲያረጅ በእውነት የተሰማኝ እዚያ ነው። በአንድ ሰው እጅ ያለ ታሪክ መጨረሻ ስላለው እያንዳንዱ ቁስል ይቆጠራል።

ዋጋውም ከባድ ነው። የሳምንት ሥራ ሰውን ይጎዳል። ሆሪኮሺ ራሱ በጤናው ምክንያት በተደጋጋሚ ያረፈባቸው ሳምንታት ነበሩ። ለዚህ ነው ለኮምቦልቻው ልጅ «በየሳምንቱ አወጣለሁ ብለህ ቃል እንዳትገባ» ያልኩት። ተማሪ ነው፤ ረዳት የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይዘጋል።

በአገራችን ከእሱ በፊት የሠሩ አሉ። ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጀምበር የተባለ ኮሚክ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣትን ሱፐርሂሮ አድርጎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አቅርቧል። ደራሲው በሥራት ደበበ ነው። መንገድ ስለከፈተልን አመሰግነዋለሁ። ያ ሥራ በሙሉ ቀለም፣ በአሜሪካ ኮሚክ አካሄድ የተሠራ ነው። የእኛው ልጅ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፤ ምርጫው ደግሞ ከኪስም ከልብም የመጣ ነው።

ከኪስ ልጀምር። ማንጋ ጥቁርና ነጭ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። በርካሽ ወረቀት በብዛት የሚታተም፣ ተነቦ የሚጣል ሳምንታዊ መጽሔት በሙሉ ቀለም አያዋጣም። ግራጫውን የሚያገኙት ስክሪንቶን በሚባል ነጠብጣብ ነው። ያ ማለት ፎቶ ኮፒ ማሽን የሚችለው ሥራ ነው ማለት ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ሁለት ጎን አትመህ መሃሉን ስታጥፈው አራት ገጽ ይሆናል። ሽፋኑን ጨምሮ 24 ገጽ ማለት ስድስት ወረቀትና ሁለት ስቴፕል ነው። በቀለም ብናወጣው የአንዱ ዋጋ ተማሪ አይገዛውም። ጃፓን ውስጥም ራሳቸው ያሳተሙትን ይዘው የሚሰበሰቡበት ኮሚኬት የሚባለው ገበያ በዲሴምበር 1975 ሲጀመር በጣም ትንሽ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምሠራ ይሆናል፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከልብ የመጣው ደግሞ ጉሙ ነው። ዋናዋ ገጸ ባህሪ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የሌሊት ተረኛ። ኃይሏ የሚሠራው ጉም ውስጥ ብቻ ነው። ጉም ሲወርድና ሌላው ሰው እጁን እንኳ ማየት ሲያቅተው እሷ ሁሉም ይታያታል፤ ማን የት እንደቆመ፣ ማን እንደወደቀ፣ ማን እየሮጠ እንደሆነ። ጉሙ ሲነሳ ኃይሏም ይሄዳል። ኮምቦልቻ ታች ናት፤ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ። ሙቀት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣ ጉም ትለብሳለች። ስለዚህ ልጅቷ ቤቷ፣ ሰፈሯ፣ ሥራዋ ላይ ተራ ሰው ናት። ጀግና ለመሆን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት መውጣት አለባት። ይህን ሲነግረኝ ማሽኑን አቁሜ ነው የሰማሁት። ሀረጎን ያየ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያስበው።

ጉም ደግሞ ለመሣል የሚከፈልበት ነገር የለውም። ነጭ ወረቀት ነው። ማሽናችን እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ አያትምም፤ ዳር ዳሩን ጥቂት ሚሊሜትር ነጭ ይተዋል። ማንጋ ሲፈልግ ሥዕሉን እስከ ጫፍ ድረስ ይለቀዋል፤ እኛ አንችልም። እሱ ግን ጉሙን ከገጹ ጠርዝ አስጀመረው። የማሽኑ ጉድለት ጠፋ።

ከያዛቸው 24 ገጾች ሰባቱ ንግግር የላቸውም። ሚኒባሷ ሀረጎ ላይ ትቆማለች፤ ልጅቷ ወርዳ በእግሯ ትወጣለች። ጎማ። ድንጋይ። የሌሊት ተረኛ ሴት የደከመ ጫማ። ከታች የኮምቦልቻ መብራት። ከላይ የሚወርደው ነጭ ነገር። ግሩፓችን ላይ ትልቁ ጭቅጭቅ ይህ ነው። «ጎበዝ፣ መጀመሪያው ቁጥር ላይ ድብድብ ከሌለ ማን ሁለተኛውን ይገዛል?» የሚል አለ። ካባ ይኑራት የሚል አለ። ታሪኩ አዲስ አበባ ይሁን፣ ገበያው እዚያ ነው የሚልም አለ። እኔም ለማወቅ ያህል ጠየቅኩት።

«ሰባቱን ገጽ ሦስት ብታደርገው ምን ይጎድላል?»

«ወላሂ እዛ ጋ ከቆረጥኩት ድካሟ አይታይም» አለኝ። «ሲደክማት ካላየህ ሰው ስታድን ምን ይሰማሃል?»

መልስ አልነበረኝም። በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነኝ። ወራት አስጠብቆ ሰባት ገጽ ዝምታ መስጠት ድፍረት ነው። ግን እሱ የጊዜውን ነገር ገብቶታል። ቁጥሮቹን በየወሩ ማውጣት ስለማይችል እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው የሚበቃ ምዕራፍ እንዲሆን ነው የሚሠራው። ዳገቱም ድሉም እዚያው ውስጥ ነው። አንባቢው ርቦት አይነሳም።

ስለ ዓይኑም አንድ ነገር ልበል። ግሩፑ ላይ አንድ ወዳጃችን «ትልልቅ ዓይን የጃፓን ነው፣ የእኛ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳውን ያየ ሰው ይህን አይልም። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ዓይንን ሆን ብለው ነው ያጎሉት። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን የመሣል ልማድም አላቸው። የንግሥት ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ ሲያስቀምጡም በሥዕል ተከታታይ ታሪክ እየነገሩ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈና በሥዕል ያጌጠ ወንጌል ያለበት ገዳም ነው። ልጁ ይህን ያውቃል። ክፉው ሰው በታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜ በጎን ነው የሚታየው፤ አንድ ዓይን። ማንም ሳይነግረኝ ነው ያስተዋልኩት፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ያልተፈታለት ነገር ፊደሉ ነው። የማንጋ የንግግር አረፋ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ። አማርኛ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ግሶቻችን ደግሞ ይረዝማሉ። አንዱ ቃል ብቻ አረፋውን ሞልቶ ይተርፋል። አሁን አረፋዎቹን እያሰፋ፣ ንግግሩን እያሳጠረ ነው። ድምፆቹን ግን በእጁ ነው የሚሥላቸው። «ድው» ሲል ድ ራሷ ተሰንጥቃ ትታያለች። «ሽው» የሚለው ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ ተጎትቶ ይሄዳል። የእኛ ፊደል እግርና ክንድ ስላለው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው።

እናቱ ባለፈው ለሥራ ደሴ መጥተው ሱቁ ጎራ አሉ። «እስኪ አንተ ንገረኝ ልጄ፣ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆነዋል?» አሉኝ። «እትዬ፣ እንጀራ መሆኑን እኔም አላውቅ፤ ልጅዎ የሚሠራውን የሚጠብቅ ሰው ግን ብዙ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ የታተመውን ገጽ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ያን የጫማውን ገጽ ነው ያሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

ለሙከራ ካወጣናቸው ገጾች አንዳንዶቹ አልተሳኩም። ትልቁ ጥቁር ቦታ ወጥ አልወጣም፤ መሃሉ ይነጣል። ነጠብጣቡም ደቃቅ ስለነበር ማሽኑ አጨቅይቶታል። ፋይሉን በ600 ዲፒአይ የምስል ጥራት አድርጎ፣ ነጠብጣቡን አጉልቶ እንደገና ልኮልኛል፤ አዲስ ቶነር ስናስገባ እንሞክረዋለን። ቁጥር አንድ የሚወጣው ፈተናውን ሲጨርስ ነው። አራዳም፣ ሙጋድም፣ ቧንቧ ውሃም፣ ኮምቦልቻም ያላችሁ ኮፒ የምትፈልጉ ካላችሁ ካሁኑ ንገሩኝ፤ ምን ያህል ወረቀት እንደምንገዛ እናውቃለን። ሰባቱን ገጽ ይቀንስ ብላችሁ ልትጽፉለት ያሰባችሁ ደግሞ እባካችሁ ቆዩ። መጀመሪያ ታትሞ በእጃችሁ ይግባ፤ ከልጅቷ ጋር ሀረጎን ውጡ፤ ከዚያ ጻፉለት።